የምልከው ያው ነው፤ የሚደርሳቸው ግን ይለያያል

የአንባቢ ደብዳቤ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ከአገሬ ርቄ የምሠራ ሴት ነኝ። ደመወዜ የሚከፈለኝ በዩሮ ነው። በየወሩ ለእናቴ 500 ዩሮ እልካለሁ። ገንዘቡን የሚቀበልላት ታናሽ ወንድሜ ነው። እኔ አንድ ሳንቲም ሳልቀንስ የሚደርሳቸው ከወር ወር ይለያያል። ባለፈው ወንድሜ ‹ደግሞ ቀነስሽ እንዴ?› ሲለኝ በጣም ከፋኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬ ላይ የምንዛሪ ተመኑን ሳይ ነው የምውለው። በቀደም ‹ነገ ይሻላል› እያልኩ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ፤ ጭራሽ ባሰበት። እናቴ ደግሞ የቤት ኪራይ አለባት። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ‹ኮሚሽን የማይቆርጡ አሉ፣ በእነሱ ላኪ› አለችኝ። ሌላዋ ‹በእጅ የሚያደርስ ሰው አለ፣ ከባንክ የተሻለ ይመነዝራል› ትላለች። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ እዚያው እናቴ አገር፣ ቤት ልገዛ በዶላር የሚከፈል ውል ቀርቦልኛል። ቅድመ ክፍያው ከአራት ወር በኋላ ነው። ግራ ገብቶኛል። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦

እህቴ፣ ከወንድምሽ ጥያቄ ልጀምር። ደብዳቤሽን ሳነበው ከገንዘቡ ይበልጥ የጎዳሽ እሱ ነው። ወንድምሽ ክፉ አስቦ የተናገረ አይመስለኝም። እሱ የሚያየው እጁ የገባውን ብቻ ነው። አንቺ የምታዪው ደግሞ ከሒሳብሽ የወጣውን ነው። መሀል ላይ የሚሆነውን ሁለታችሁም አታዩትም። ለዚህ ነው አንቺ ሳትቀንሺ እሱ የቀነስሽ የመሰለው።

መሀል ላይ ሁለት ነገር አለ። አንዱ የገበያው ተመን ነው። እሱ በአንቺም በእኔም እጅ የለም። ሁለተኛው፣ ገንዘቡን የሚልክልሽ ድርጅት ለራሱ የሚያስቀረው ነው። ይሄኛው ግን በእጅሽ ነው። አንቺ እስካሁን ጉልበትሽን ሁሉ ያዋልሽው በመጀመሪያው ላይ ነው። ወደ ሁለተኛው እንድታዞሪው እፈልጋለሁ።

ስለ ገበያው የምለው ብዙ አይደለም። ዩሮና ዶላርን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በዚሁ አቆጣጠር ነው) አንድ ዩሮ ከ0.96 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። ያኔ 500 ዩሮ የላከ ሰው ክፍያ ሳይቆረጥበት እንኳ 480 ዶላር አይሞላለትም። በ2025 አጋማሽ ዩሮው 1.17 ዶላርን ሲያልፍ ያው 500 ዩሮ 585 ዶላር ሆነ። ላኪው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ልዩነቱ ግን ከ100 ዶላር በላይ ነው። ወንድምሽ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ያን ጥያቄ አይጠይቅሽም ነበር።

ለምን ሆነ ብትዪ፣ በ2022 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ መጨመር የጀመረው በመጋቢት ነው። የአውሮፓው እስከ ሐምሌ ቆየ። የተሻለ ወለድ የፈለገ ገንዘብ ወደ ዶላር ሄደ። በዚያ ላይ የዩክሬን ጦርነት አውሮፓ ውስጥ የነዳጅና የጋዝ ዋጋ አናረ። አየሽ፣ የእናትሽን ወርኃዊ ገንዘብ የሚወስኑት እነዚህን የመሳሰሉ ነገሮች ናቸው። ማታ አልጋ ላይ ሆነሽ ስልክሽን በማየት አንዱንም አትቀይሪውም። በሚያዝያ 2022 በተደረገ ቆጠራ፣ በዓለም የውጭ ምንዛሪ ገበያ በቀን 7.5 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ይገበያይ ነበር። በዚያ ገበያ ሥራዬ ብለው ተመን የሚተነብዩ፣ ሙሉ ቀን ሌላ ሥራ የሌላቸው ሰዎች አሉ። እነሱም ይሳሳታሉ።

እስቲ ሦስት ሳምንት የጠበቅሽውን ነገር በቁጥር እንየው። ተመኑ ለአንቺ በ1 በመቶ ቢሻሻል በ500 ዩሮ ላይ የምታገኚው 5 ዩሮ ነው። በ2 በመቶ ቢሆን 10 ዩሮ። ለዚህ ስትይ እናትሽ ኪራይ ሳትከፍል ትቆያለች፤ አንቺም እንቅልፍ ታጫለሽ። በዚያ ላይ ባሰበት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ተሻሽሎ ቢሆን ኖሮ ይበልጥ እሰጋልሽ ነበር። አንዴ የቀናው ሰው በሚቀጥለው ወርም ይጠብቃል፤ እያደር የሚጠብቀው ቀንም የሚጠብቀው ገንዘብም ይጨምራል። ስለዚህ ለወር አስቤዛና ለኪራይ የሚሆነውን ገንዘብ ቀን ቁረጪለት። ደመወዝ በገባ በማግሥቱ ይሁን በሁለተኛው ቀን፣ ያው አንድ ቀን ይሁን። ያን ቀን ተመኑ ምንም ይሁን ምን ላኪ። በዓመት ውስጥ አንዳንዱ ወር ይከፋል፣ አንዳንዱ ይሻላል፤ አንቺም የዓመቱን አማካይ ታገኛለሽ። ከዚያ በላይ አገኛለሁ ብሎ ቃል የሚገባልሽን ሰው አትመኚው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ልምጣ። ያለፈውን ወር ደረሰኝ አውጪው። አራት ነገር ታያለሽ፦ የላክሽው፣ የመላኪያ ክፍያ፣ ተመን፣ ተቀባይ የሚያገኘው። ብዙ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ሁለተኛው ላይ ነው። ክፍያው ዜሮ ከሆነ ደስ ብሎት ይወጣል። ገንዘቡ የሚሄደው ግን በሦስተኛው መስመር ነው። ባንኮች እርስ በርሳቸው የሚገበያዩበት አንድ ተመን አለ፤ የገበያው መካከለኛ ተመን ይሉታል። በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መሀል ያለው ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጊ የሚመጣልሽም ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ድርጅቱ ለአንቺ የሚሰጥሽ ከዚያ ዝቅ ያለ ነው። ልዩነቱ የእሱ ትርፍ ነው። ደረሰኙ ላይ «ትርፍ» ተብሎ አይጻፍም፤ «ተመን» ተብሎ ነው የሚጻፍ።

ባልደረባሽ ያለችሽን «ኮሚሽን የማይቆርጡ» እንሞክራቸው። ሒሳቡ እንዲቀል በዶላር ልሥራልሽ። የገበያው መካከለኛ ተመን 1 ዩሮ በ1.10 ዶላር ነው እንበል። 500 ዩሮ ሙሉ በሙሉ ቢመነዘር 550 ዶላር ይሆናል። አንዱ ድርጅት «ክፍያ የለም» ብሎ በ1.06 ይመነዝርልሻል። እናትሽ ጋ 530 ዶላር ይደርሳል። ሌላው 4 ዩሮ ያስከፍልሽና የቀረውን 496 ዩሮ በ1.095 ይመነዝረዋል። እናትሽ ጋ 543 ዶላር ይደርሳል። ያስከፈለሽ ይሻላል ማለት ነው። «ክፍያ የለም» ያለሽ 20 ዶላር ወስዷል፤ ከ3.6 በመቶ በላይ ነው። በሁለቱ መሀል ያለው 13 ዶላር በ12 ወር ከ150 ዶላር ይበልጣል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተመን ስትጠብቂ ልታገኚ የተመኘሽው ገንዘብ እዚህ ነው ያለው። ለዚያውም ያለ ዕድል፣ በየወሩ።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ «ዛሬ ተመኑ ስንት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ተዪው። በምትኩ ይህን ጠይቂ፦ «500 ዩሮ ከእኔ ሲወጣ እናቴ እጅ ስንት ይገባል?» ሦስት ወይም አራት የተፈቀደላቸው ላኪዎችን በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ በተመሳሳይ መንገድ አወዳድሪ። አንዱን ጠዋት ሌላውን ማታ ካየሽ ያወዳደርሽው ገበያውን እንጂ ድርጅቶቹን አይደለም። አንዱን በባንክ ሒሳብ ሌላውን በጥሬ ገንዘብ ካየሽም እንደዚያው ነው፤ በጥሬ የሚከፈል ብዙ ጊዜ ይወደዳል። መለኪያ ከፈለግሽ፣ የዓለም ባንክ 200 ዶላር ለመላክ በአማካይ የሚወጣውን ወጪ ይከታተላል። ባለፉት ዓመታት ከ6 በመቶ በላይ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት እስከ 2030 ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ግብ አስቀምጧል። ከሁሉም የሚወደደው ባንክ ነው፤ ባንክ ስለሆነ ይረክሳል ብለሽ አታስቢ። የአንቺ ወጪ፣ ክፍያውና የተመኑ ልዩነት ተደምሮ፣ ከ3 በመቶ በታች ከሆነ ደህና ነሽ። 5 እና 6 ከገባ ሌላ ፈልጊ። አንድ ጊዜ አወዳድረሽ ግን እድሜ ልክ አትቀመጪ። ለአዲስ ደንበኛ የሚሰጥ ተመን ከሁለተኛው ወር በኋላ የሚወርድበት ቦታ አለ። በየሦስት ወሩ አንዴ እዪው።

ጥቃቅን ነገሮችም አሉ። የምንዛሪ ገበያው ቅዳሜና እሁድ ዝግ ነው። አንዳንድ ላኪዎች ሰኞ ምን እንደሚመጣ ስለማያውቁ ቅዳሜና እሁድ ትርፋቸውን ይጨምራሉ። በሥራ ቀን ላኪ። በባንክ የምትልኪ ከሆነ፣ መንገድ ላይ ያለ ሌላ ባንክ ቆርጦ ሊያስቀር ይችላል፤ ክፍያውን ሁሉ ላኪው እንዲሸፍን ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። በክሬዲት ካርድ አትክፈዪ፤ ካርዱ ጥሬ ገንዘብ እንዳወጣሽ ሊቆጥረውና ከዚያው ቀን ጀምሮ ወለድ ሊያስብብሽ ይችላል። ደግሞ ተመኑ የሚቆለፈው ስትልኪ ነው ወይስ ሲደርስ? ይህን ሳታውቂ አትላኪ።

በእጅ ስለሚያደርሰው ሰው። የተሻለ የሚመነዝርበት ምክንያት አለው። ይህ የሚበዛው በመንግሥት የተወሰነው ተመን ከጥቁር ገበያው ተመን ሲርቅ ነው። ግብፅን እዪ። በመጋቢት 2024 ማዕከላዊ ባንኳ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር በአንድ ቀን ከ31 ፓውንድ ገደማ ወደ 50 ገደማ ደረሰ። ከዚያ በፊት በውጭ ያሉ ግብፃውያን በባንክ የሚልኩት ቀንሶ ነበር፤ ተመኑ ሲገናኝ ተመለሰ። ሰው ለቤተሰቡ የተሻለ ፈልጎ ማድረጉ ይገባኛል፤ አልፈርድበትም። ለአንቺ ግን አልመክርሽም። ደረሰኝ የለውም። ገንዘቡ ቢጠፋ የምትከሺው ሰው የለም። ብዙ አገር ውስጥ ወንጀል ነው፤ ተጠያቂው ደግሞ አድራሹ ብቻ አይደለም። የማታውቂው ሰው ገንዘብ ሒሳብሽ ውስጥ ከገባ ባንክሽ ሊዘጋብሽ ይችላል። ቤት ልትገዢ ያሰብሽ ሰው ነሽና ይሄኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ነገ «ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?» ስትባዪ የምታሳዪው ወረቀት ሊኖርሽ ይገባል።

አሁን ወደ እናትሽ። እስካሁን ቋሚ ያደረግሽው ከአንቺ የሚወጣውን ነው፦ 500 ዩሮ። ስለዚህ የተመኑን ውጣ ውረድ የሚሸከሙት እናትሽ ናቸው። እኔ ብሆን እገለብጠዋለሁ። ከሁለታችሁ መንገጫገጩን መሸከም የሚችለው ደመወዝ ያለው ነው። እናትሽ ኪራይ አለባቸው፤ ኪራይ ደግሞ ተመን ወረደ ብሎ አይወርድም። ስለዚህ እሳቸው ጋ የሚደርሰውን ቋሚ አድርጊ።

እንዲህ ነው። አሁንም በዶላር ልሥራው። እናትሽ በወር የሚያስፈልጋቸው 540 ዶላር ነው እንበል። አንቺ በየወሩ 505 ዩሮ ለይተሽ ታስቀምጫለሽ። ያገኘሽው ተመን 1.12 ከሆነ 540 ዶላሩን ለማድረስ 482 ዩሮ ይበቃሻል፤ 23 ዩሮ ይተርፋል። እሱን አትንኪው፤ ለብቻው ሒሳብ ውስጥ ይቀመጥ። በሌላ ወር ተመኑ 1.04 ቢሆን 519 ዩሮ ያስፈልግሻል። የጎደለውን 14 ዩሮ ከዚያ ሒሳብ ታወጫለሽ። እናትሽ በሁለቱም ወር ያው 540 ይደርሳቸዋል። አብዛኞቹ የመላኪያ መተግበሪያዎች «ተቀባይ የሚያገኘው» የሚለውን ቦታ አንቺ እንድትሞዪው ይፈቅዳሉ። ከላይ ያለውን ሳይሆን የታችኛውን ሣጥን ሙዪ። ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሚሆን ከ100 እስከ 150 ዩሮ አስቀድመሽ ብታስገቢበት ደግሞ ይበልጥ ልብሽ ያርፋል።

አንድ ነገር ግን አትርሺ። እዚያ ያለው ገንዘብ በጣም ከወደቀ የአንቺ ዩሮ የበዛ ይመስላል። ተመኑን አይተሽ «አሁንማ ይበቃቸዋል» ብለሽ ዩሮውን አትቀንሺ። ገንዘብ ሲወድቅ ከውጭ የሚገባ ነገር ይወደዳል፤ መድኃኒት፣ ነዳጅ፣ ዘይት። አንዳንዴ ዋጋው ከተመኑ ቀድሞ ይሄዳል። በየስድስት ወሩ ደውለሽ ኪራዩ ስንት ገባ፣ መድኃኒቱ ስንት ሆነ ብለሽ ጠይቂያቸውና 540 ያልነውን ቁጥር አስተካክዪ። እናቶች «ይበቃኛል» ይላሉና ዋጋውን ወንድምሽንም ጠይቂው። ያን ጊዜ ደረሰኙንም ላኪለት። ሙሉውን፣ አራቱንም መስመር። ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ራሱ ያየዋል።

(ይህን የምታነቡና ደመወዛችሁ በኤምሬትስ ዲርሃም ወይም በሳዑዲ ሪያል የሆነ፦ የእናንተ ገንዘብ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው። ሪያሉ ከ1986 ጀምሮ አንድ ዶላር በ3.75 ነው። ስለዚህ የምትከታተሉት የዶላሩን ተመን ነው። የላኪው ትርፍ ጉዳይ ግን እናንተም ጋ ያው ነው።)

የመጨረሻው ቤቱ ነው፤ ከሁሉም በላይ የምሰጋልሽም እዚህ ላይ ነው። የምታገኚው በዩሮ ነው። ውሉ በዶላር ነው። የወር ክፍያው 1,000 ዶላር ነው ብለን እናስብ። ዩሮው 1.22 ዶላር በነበረበት በግንቦት 2021 ይህ 820 ዩሮ ነበር። ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ዩሮው 0.96 ሲደርስ 1,042 ዩሮ ሆነ። ደመወዝሽ ሳይጨምር በወር 220 ዩሮ ተጨማሪ ማለት ነው። ይህ የአምስት ዩሮ ጉዳይ አይደለም። ፖላንድ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ደመወዛቸው በአገራቸው ገንዘብ በዝሎቲ ሆኖ የቤት ብድር በስዊስ ፍራንክ ወስደው ነበር፤ ወለዱ ዝቅተኛ ስለነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2015 የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ ፍራንኩ በዩሮ ላይ ከልክ በላይ እንዳይወደድ ከሦስት ዓመት በላይ ያስጠበቀውን ገደብ ያለ ማስጠንቀቂያ አነሳ። ፍራንኩ በደቂቃዎች ውስጥ ተተኮሰ። የእነዚያ ሰዎች ዕዳ በአንድ ቀን አደገ። ክርክሩ ለዓመታት በየፍርድ ቤቱ ሲንከባለል ኖሯል።

ቤቱን አትግዢ እያልኩሽ አይደለም። መጀመሪያ ግን ይህን ፈትኚ፦ ዶላሩ በ20 በመቶ ቢወደድብሽ ክፍያውን ከነእናትሽ ወጪ ትችይዋለሽ? ወረቀት ላይ ጻፊው። ካልቻልሽ ውሉ ለአንቺ ትልቅ ነው፤ ያነሰ ፈልጊ ወይም ደመወዝሽ በሚከፈልበት ገንዘብ የሚዋዋል ፈልጊ።

ከቻልሽ፣ ለቅድመ ክፍያው አራት ወር አለሽ። ሁሉንም በመጨረሻው ቀን አትመንዝሪ። አራት ቦታ ከፍለሽ በየወሩ አንድ አራተኛውን ወደ ዶላር ለውጪና ዶላር መያዝ በሚፈቅድ ሒሳብ አስቀምጪው። ከአራቱ አንዱ ቀን ቢከፋ ሌሎቹ ያካክሱታል። ሌላም መንገድ አለ፦ አንዳንድ የምንዛሪ ድርጅቶች ዛሬ ባለው ተመን ከአራት ወር በኋላ እንደሚመነዝሩልሽ ይዋዋሉሻል። መያዣ ይጠይቃሉ፤ ተመኑ በኋላ ቢሻሻልልሽም ከተዋዋልሽው መውጣት አትችዪም። የሚቆጭሽ ሰው ከሆንሽ አይሆንሽም። «ቁጥሩን ዛሬ ልወቀውና ልረፍ» የምትዪ ከሆነ ግን ጥሩ ነው። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ሁለተኛዋ ነሽ።

ሻጩን ደግሞ ይህን በጽሑፍ ጠይቂው። ክፍያው የግድ በዶላር ነው ወይስ በዶላር ተተምኖ በአገሩ ገንዘብ? በአገሩ ገንዘብ ከሆነ በየትኛው ባንክ ተመን፣ በመግዣው ወይስ በመሸጫው፣ በየትኛው ቀን? የመክፈያው ቀነ ገደብ በሚደርስበት ቀን ነው ወይስ ገንዘቡ በሚገባበት ቀን? ተመኑ በጣም ቢወጣ ክፍያው ከዚያ በላይ የማይሄድበት ጣሪያ አለው? «እሱን ኋላ እንስማማለን» ካለሽ እንዳትስማሚ። መልሱ ውሉ ውስጥ በግልጽ እስኪገባ ድረስ አትፈርሚ፤ ቅድመ ክፍያውንም አትላኪ።